በር የሚከፍት ውሻ

እኛ ዘንድ የውሻ ሥራ በር መጠበቅ ነው። ቦታውም ደጅ ነው፤ ሳሎን ገብቶ ከተገኘ ይባረራል። አሜሪካ ውስጥ ግን በር ለመክፈት የሚሠለጥን ውሻ አለ። እጀታው ላይ የታሰረውን ገመድ ነክሶ ይጎትትና ባለቤቱ በተሽከርካሪ ወንበር እስኪያልፍ ይጠብቃል። ረዳት ውሻ ይባላል፤ ከሚያገለግላቸው መካከል በጦርነት አካላቸውን ወይም የመንፈስ ሰላማቸውን ያጡ የቀድሞ ወታደሮች አሉ።

ከነዚህ ውሾች ስሙ የገነነው ሰሊ የተባለው ላብራዶር ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ወደ ቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ቤት ገባ። ቡሽ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል አብራሪ ነበሩ፤ በ1944 አውሮፕላናቸው ተመቶ ከፓስፊክ ውቅያኖስ በሕይወት ወጥተዋል። በስተርጅና ግን የፓርኪንሰን ዓይነት ሕመም እግራቸውን አሰረው። ሰሊ የወደቀ ዕቃ ያነሣላቸው፣ በር ይከፍትላቸው፣ የርዳታ መጥሪያ ይጫንላቸው ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሲያርፉ፣ ሬሳ ሣጥናቸው ፊት የተኛበት ፎቶግራፍ ዓለምን አዳረሰ። እኔን ከፎቶግራፉ ይልቅ የነካኝ ቀጥሎ የሆነው ነው፤ በ2019 መጀመሪያ ዋሽንግተን አጠገብ ወደሚገኘው የዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል ሄዶ ታማሚ ወታደሮችን ማጽናናት ጀመረ።

ሰሊን ያሠለጠነው በኒውዮርክ ግዛት የሚገኘው አሜሪካስ ቬትዶግስ በ2003 የተቋቋመ ነው። አንዱን ውሻ አሳድጎና አሠልጥኖ ለማስረከብ ከ50,000 ዶላር በላይ ይፈጃል፤ ተቀባዩ ግን አንዲት ሳንቲም አይከፍልም፣ ወጪው በልገሳ ይሸፈናል። ከቡችሎቹ ብዙዎቹ የሚያድጉት ወህኒ ቤት ነው። እስረኛው ከቡችላው ጋር አንድ ክፍል እያደረ መቀመጥን፣ መታገሥን፣ ዕቃ ማቀበልን ያስተምረዋል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ውጭ ያሉ ቤተሰቦች ይወስዱታል፤ የመኪና ጩኸት፣ የገበያ ግርግርና የሕፃናት ሩጫ ወህኒ ቤት ውስጥ አይገኙምና።

አካሉ ሙሉ ሆኖ መንፈሱ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰም ሰው አለ። ሌሊት እየቃዠ ይባንናል፤ ቀን ከኋላው ሰው ሲቆም ልቡ ይመታል። ሰውየው ሲወራጭ ውሻው ያየዋል፤ በአፍንጫው ይነቀንቀዋል፣ ፊቱን ይልሰዋል፣ መብራት ማብራት የተማረም አለ። ባለቤቱ ሱቅ ውስጥ ሲሰለፍ ደግሞ ከጀርባው ይቆምና እንግዳ ሰው እንዳይጠጋው ቦታ ይይዝለታል። በ2024 የታተመ፣ 156 የቀድሞ ወታደሮችን ለሦስት ወር የተከታተለ ጥናት፣ ውሻ ያገኙት ገና ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ የጦርነቱ ጠባሳ፣ ጭንቀቱና ድባቴው ቀሎላቸው አግኝቷል። ውሻው ሕክምናን አይተካም፤ ከሕክምናው ጎን ይቆማል።

ደጅ ከቀረ ግን ይህ ሁሉ ትምህርት ከንቱ ነው። በጁላይ 1990 የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ሕግ የፈረሙት ራሳቸው ቡሽ ናቸው፤ ሰሊ ቤታቸው ከመግባቱ 28 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ። በሕጉ መሠረት ምግብ ቤት፣ ሱቅ፣ ሆቴል ወይም ታክሲ ረዳት ውሻ የያዘን ሰው መመለስ አይችልም። ሠራተኛው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነው? ምን ለመሥራት ሠልጥኗል? ወረቀት አሳየኝ ማለት አይፈቀድም።

በዋሽንግተንና አካባቢዋ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና ይህን አጥብቀው ሊያውቁት ይገባል። ከልጅነቱ ጀምሮ ውሻን ከሩቅ እያየ ላደገ ሰው ነገሩ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ሆኖም «ውሻ እፈራለሁ» ወይም «አለርጂ አለብኝ» ብሎ ማለፍም ሆነ ተጨማሪ ሂሳብ መጠየቅ ክልክል ነው። ውሻው ከቁጥጥር ከወጣና ባለቤቱ ካልገታው ማስወረድ ይቻላል፤ በደንብ የሠለጠነው ግን ወለሉ ላይ፣ ከባለቤቱ እግር ሥር ጸጥ ብሎ ይተኛል። አይጥሩት፣ አይደባብሱት፣ የሚበላም አይስጡት፤ ሥራ ላይ ነው።