ስለ ጌዴኦ ትክል ድንጋዮችና ጠብቆ ስላቆያቸው ልማድ

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። አገር ጎብኚ ወደዚያ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በአካባቢው የቆሙትን ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ለማየት ነው። ነገር ግን ድንጋዮቹን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው አገሩን ገና በከፊል አየ እንጂ አላወቀውም። ድንጋዩና የእንሰቱ ማሳ የሚጠበቁት በአንድ ልማድ ነውና።

ከትክል ድንጋዮቹ ስፍራዎች ይበልጥ የታወቁት በወናጎ አካባቢ ያለው ቱቱ ፈላና በይርጋጨፌ ወረዳ ያለው ጨልባ ቱቱቲ ናቸው። በቱቱቲ ያሉት አብዛኞቹ ረጃጅምና የወንድ አባለ ዘር ቅርጽ ያላቸው ሲሆኑ፥ ዛሬ ብዙዎቹ ወድቀዋል። በቱቱ ፈላ ግን አጠር ያሉ፥ የሰው ፊት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች በብዛት ይታያሉ። ፈረንሳዊው የከርሰ ምድር ተመራማሪ ሮዤ ዡሶም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ቱቱ ፈላን ባስቆፈሩ ጊዜ ስፍራው መካነ መቃብር መሆኑ ተረጋገጠ፤ የሰው ፊት ካለባቸው ድንጋዮች አንዳንዶቹም ከቀደመው ቅርጽ እንደገና የተጠረቡ ሆነው ተገኙ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ የሳካሮ ሶዶን ስፍራ ዕድሜ ወደ መጀመሪያው ምዕት ዓመት መልሶታል። ቀድሞ ይገመት ከነበረው ዘመን ይህ በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣል።

ድንጋዮቹ ባሉበት ተራራ ግርጌና ወገብ ላይ የጌዴኦ ገበሬ እርሻ ይዘረጋል። ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉት ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ በሥራቸው እንሰት፥ ከእንሰቱም በታች ቡናና ልዩ ልዩ ቁጥቋጦ ይበቅላል። የዛፉ ቅጠል ረግፎ አፈሩን ያዳብራል፤ ሥሩም ቁልቁለቱ በዝናብ እንዳይታጠብ ይይዘዋል። እንሰት ቆጮና ቡላ ሆኖ ቤተ ሰቡን ይመግባል፤ ቡናው በይርጋጨፌ ስም በዓለም ገበያ ታውቆ የገንዘብ ምንጭ ይሆናል። ሕዝብ እጅግ በተጨናነቀበት ዳገታማ ምድር ገበሬው ማሳውን ሳያራቁት የኖረው በዚህ ጥበብ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስከብረው በየመንደሩ ያለው «ሶንጎ» ነው። ሶንጎ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚሰሙበትና ፍርድ የሚሰጡበት ሸንጎ ሲሆን፥ ከበላዩ በዕድሜ እርከን የተደራጀውና በአባ ገዳ የሚመራው «ባሌ» የተባለው ሥርዓት አለ። የተቀደሱት ደኖች እንዳይቆረጡ፥ ትክል ድንጋዮቹም እንዳይደፈሩ የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ናቸው። በጌዴኦና በጉጂ መካከል ደም ሲፈስ «ጎንዶሮ» የተባለውን የዕርቅ ሥርዓት የሚፈጽሙትም የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ናቸው። በ2010 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው መፈናቀሉን ለሚያስታውስ ሰው፥ የሽማግሌ ቃል መከበር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይሰወረውም።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በሪያድ ባደረገው ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጽፍ፥ ድንጋዮቹን ለይቶ ሳይሆን ከእርሻውና ከተቀደሱት ደኖች ጋር አንድ አድርጎ መመዝገቡ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን ጠባቂ አይሆንም። በቆላው ጫት እየተስፋፋ የእንሰቱን ቦታ ሲይዝ፥ መሬት ለልጆች ሲከፋፈል እየጠበበ እርሻው ወደ ድንጋዮቹ ሲጠጋ፥ ወጣቱም ከሶንጎ ሲርቅ፥ አጥር የማይተካው ጥበቃ ይላላል።

ስለዚህ ጎብኚው አስቀድሞ የስፍራውን ሽማግሌዎች አነጋግሮና ፈቃዳቸውን ጠይቆ ቢገባ መልካም ነው። የአገሩ ተማሪም የሽማግሌዎቹን ቃል ዛሬውኑ ሊጽፈው ይገባል። ድንጋዩ ቢወድቅ ተመልሶ ሊቆም ይችላል፤ ሳይጻፍ ከሽማግሌው ጋር የተቀበረ ቃል ግን የሚመለስበት መንገድ የለም።