ውሃ፣ ሣርና ደንብ፤ አዲስ ጥበብ በቦረና ቆላ

አንድ አዲስ ጥበብ ወደ አንድ አገር ሲገባ ልማት ወይም ጥፋት የሚሆነው አብሮት በሚመጣው ደንብ መሠረት ነው። ይህን ሐሳብ በደፈናው ከመናገር ይልቅ በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል ብለን ስላመንን፣ ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎ፣ ዱብሉቅና ሞያሌ የተዘረጋውን ቆላ መርጠናል።

በዚህ አገር ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በደረቁ ጊዜ የከብቱ ሕይወት የሚጠበቀው ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ወጣቶች በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃውን በእጅ ይቀባበላሉ፤ ከብቱም በላይ ከጭቃ በተሠራው ገንዳ ይጠጣል። እያንዳንዱ ጉድጓድ አባ ኮንፊ የሚባል ኀላፊ አለው፤ መብቱም የሚመነጨው ጉድጓዱን አስቀድሞ ከቈፈረው ሰው ነው። የመጠጫውን ተራ የሚያስከብረው ደግሞ አባ ሔረጋ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ውሃው የሚወጣው በብዙ ድካም ስለሆነ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ የሚሰማራው ከብት ቍጥር በዚያው መጠን ይወሰናል። በዝናብ ጊዜም ከብቱ ወደ ሩቅ ስለሚነዳ፣ በጉድጓዱ አካባቢ ያለው ሣር ለክፉ ቀን ይቆያል። ስለዚህ የውሃው ተራ የሣሩም ጠባቂ ነው ማለት ይቻላል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ የዓለም ባንክ በገንዘብ የደገፈው የደቡብ የግጦሽ መሬት ልማት ሥራ በዚሁ ቆላ መንገድ ጠረገ፤ በመሣሪያም ትልልቅ ኩሬዎች አስቈፈረ። ኩሬዎቹ ውሃ አጠራቀሙ፤ የታሰበውም ይኸው ነበር። ነገር ግን ውሃው ብዙ ጊዜ በቆየበት ሥፍራ፣ ቀድሞ በዝናብ ወራት ብቻ ይጋጥ የነበረው መሬት ዕረፍት አጣ፤ ሰውም በዚያው መስፈር ጀመረ። በዚያው ዘመን ሣርን በእሳት ማቃጠል ስለ ተከለከለ፣ እሾሃማው ቍጥቋጦ የግጦሹን ሥፍራ እየወረሰው መጣ።

ታዲያ ጥፋቱ የመሣሪያው ነውን? እኛ እንዲህ አይመስለንም። ኩሬው ሲቈፈር ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም፦ ኩሬው መቼ ይከፈታል? መቼ ይዘጋል? አባ ሔረጋውስ ማን ነው? የሚለው ነው። ጉድጓዱ ደንቡን ከራሱ ጋራ ይዞ ኖሯል፤ ኩሬው ግን ደንብ ሊሠራለት ይገባ ነበር።

ይኸው ጥያቄ ዛሬም በሌላ መልክ ይመጣል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ጋራ በመተባበር በቦረና የከብት ኢንሹራንስ አስጀመረ። ሳተላይት የመሬቱን ልምላሜ ይለካል፤ ልምላሜው ከተወሰነው ልክ በታች ሲወርድ፣ የሞተ ከብት መቍጠር ሳያስፈልግ ካሣ ይከፈላል። ይህ ብልህ ዘዴ ነው። ቢሆንም ገንዘቡ ከብቱ ካለቀ በኋላ ከደረሰ የሚረዳው ለለቅሶ ነው፤ ድርቁ ሳይጠና ከደረሰ ግን መኖና ውሃ ይገዛል። ደግሞም ለዐረቦን የሚሆን ገንዘብ የሌለው ድኻ እንዳይቀር ማሰብ ያስፈልጋል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የደረሰው የከብት እልቂት፣ ኢንሹራንስ ብቻውን ሣርን እንደማያበቅል አሳይቶናል።

መንግሥት አዲስ ጥበብን ወደ በጎ መንገድ የሚመራባቸው መሣሪያዎች ሦስት ይመስሉናል። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ አዲስ ኩሬ ከመቈፈር አስቀድሞ የጥንቱን ጉድጓድ ገንዳ በሲሚንቶ ማደስ ሊመረጥ ይችላል። ሁለተኛው ሕግ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ዘላኖች የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ አዋጅ ቍጥር 299/1995ም ሥራ ሳይጀመር በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲመረመር ያዝዛል። ሦስተኛው የአገሩ ሸንጎ ነው፤ በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ሕግን የሚመረምርና የሚያሻሽል ጉባኤ ነው። አዲስ ነገር በዚያ ሸንጎ ፊት ቀርቦ ቢመከርበት፣ ደንቡ ከውጭ የመጣ እንግዳ ሳይሆን የቤት ልጅ ይሆናል።

ነገ ከመካከላችን ብዙዎች በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ዕቅድ ፈራሚዎች እንሆናለን። በዚያን ጊዜ አንድ መሣሪያ በጠረጴዛችን ላይ ሲቀርብልን ዋጋውንና ጕልበቱን ብቻ ጠይቀን እንዳንፈርም። ተራውን የሚያስከብረው ማን እንደሆነ መጠየቅ እንልመድ፤ መልስ ከሌለ ዕቅዱ ገና አላለቀም።