በአንድ ምት ግሪን ላይ፦ የሐይቅ ዳር ፓር ሦስት ጎልፍ እንዴት ይጫወታሉ?

ጎልፍ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚፈጅና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ጨዋታ ይመስለዋል። ባለ 18 ጉድጓድ ሙሉ ሜዳ ለመጨረስ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ፣ ይህ አስተያየት መሠረት የለውም አይባልም። ጀማሪ፣ ልጅና አዛውንት አብረው የሚጫወቱበት አጠር ያለ ሜዳ ግን አለ፤ ፓር ሦስት ይባላል።

ፓር ማለት ጎበዝ ተጫዋች አንድን ጉድጓድ በስንት ምት መጨረስ እንዳለበት የሚገልጽ ቁጥር ነው። ሣሩ በጣም አጥሮ የተከረከመውና ጉድጓዱ ያለበት ስፍራ ግሪን ይባላል። ኳሷ ግሪን ላይ ከደረሰች በኋላ ሁለት ምት ይታሰባል። ስለዚህ ፓር 3 በሆነ ጉድጓድ ጎበዝ ተጫዋች ከመነሻው በአንድ ምት ግሪን ላይ እንዲያሳርፍ ይጠበቃል። ሁሉም ጉድጓዶች እንዲህ የሆኑበት ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ፓሩ 27 ነው፤ ጨዋታውም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

ከእነዚህ ሜዳዎች መካከል በውበቱ ስሙ የሚነሳው አንዱ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በኦዛርክ ተራሮች፣ ብራንሰን ከተማ አቅራቢያ ይገኛል። ስፍራው የባስ ፕሮ ሾፕስ መደብሮች መሥራች ጆኒ ሞሪስ ንብረት የሆነው ቢግ ሲዳር ሎጅ ነው። መዝናኛው ዳርቻው ላይ ያረፈበት ቴብል ሮክ ሐይቅ ሰው ሠራሽ ሲሆን፣ የተፈጠረው ዋይት ወንዝ ላይ በ1958 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀ ግድብ ነው። ከሐይቁ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ታዋቂው ጎልፈኛ ጃክ ኒክላውስ የነደፈው ባለ 9 ጉድጓድ ቶፕ ኦፍ ዘ ሮክ አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. የአንጋፋ ባለሙያዎች ውድድር የሆነው ሌጀንድስ ኦፍ ጎልፍ እዚህ ሲካሄድ፣ ፓር ሦስት ሜዳ የባለሙያዎችን ውድድሮች የሚመራው ፒጂኤ ቱር ዕውቅና በሰጠው ውድድር ሲያገለግል የመጀመሪያው ነበር። በዚያው መዝናኛ ሌላው ታዋቂ ጎልፈኛ ጋሪ ፕሌየር የነደፈው፣ በእግር ብቻ የሚዞሩት ባለ 13 ጉድጓድ ማውንቴን ቶፕም ይገኛል። ካንሳስ ሲቲ ወይም ሴንት ሉዊስ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ቦታው በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው።

በእንዲህ ያለ ሜዳ ተጫዋቹን የሚፈትነው ያው ቀልቡን የሚስበው ውበት ነው። ከፍታው፣ ነፋሱና ውሃው ዓይንን ያታልላሉ። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ግን በጉልበት ከሚበልጠው ተጫዋች የተሻለ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

መጀመሪያ ከፍታውን እንይ። ከኮረብታ ወደ ታች የተመታች ኳስ መሬት እስክትነካ ድረስ ወደፊት መጓዟን ስለማታቆም፣ ሜዳ ለሜዳ ከምትሄደው በላይ ትርቃለች። በልምድ የሚሠራበት ስሌት ግሪኑ ዝቅ ያለውን ያህል ከርቀቱ መቀነስ ነው። ሰሌዳው 140 ያርድ (128 ሜትር) ቢልና ግሪኑ 15 ያርድ ዝቅ ቢል፣ ለ125 ያርድ (114 ሜትር) ያህል ይመታል። አይረን የሚባሉት ዱላዎች ቁጥራቸው በጨመረ መጠን ኳሷን ከፍ፣ ርቀቷን ደግሞ አጠር ያደርጋሉ። በሁለት ተከታታይ አይረኖች መካከል ያለው ልዩነት ለብዙ ተጫዋች 10 ያርድ ገደማ ነው። ስለዚህ ለ140 ያርድ 7 ቁጥር የሚይዝ ሰው እዚህ 8 ቁጥር ይበቃዋል።

ቀጥሎ ነፋሱ አለ። መነሻው በዛፍ ከተከለለ ነፋሱ ለቆመው ሰው አይሰማውም፤ ከዛፎቹ በላይ የምትወጣዋን ኳስ ግን ያገኛታል። ከመምታት በፊት ጉድጓዱን የሚያመለክተውን ባንዲራ፣ የዛፎቹን ጫፍና የሐይቁን ገጽ ማየት ይጠቅማል።

ውሃው ደግሞ ርቀትን ለመገመት ያስቸግራል፤ በመካከል ዓይን የሚመዝንበት ዛፍም ጉብታም የለም። የተሻለው መንገድ የተለካውን ርቀት ማመንና ባንዲራው ውሃው ጠርዝ ላይ ቢተከልም የግሪኑን መሐል ማነጣጠር ነው። ኳሷ ቀይ ችካል ወደተተከለበት ውሃ ከገባች አንድ ምት ቅጣት ይቆጠራል። ከዚያ በቀድሞው ቦታ ደግሞ መምታት ይቻላል። ወይም ኳሷ ድንበሩን ካለፈችበት ነጥብ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳይቀርቡ፣ ሌላ ኳስ ከጉልበት ከፍታ ለቆ መቀጠል ይቻላል። የጠፋች ኳስ ለመፈለግ የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሌላው ትልቅ ነገር ሥነ ሥርዓት ነው። ፓር ሦስት ሜዳ ላይ ሁሉም ሰው ከሩቅ ወደ ግሪን ስለሚመታ፣ ከላይ የሚወርዱት ኳሶች ሣሩን ይሰረጉዳሉ። የራስን ስርጉድ ማስተካከል የእያንዳንዱ ተጫዋች ግዴታ ነው። ለዚሁ የተሠራችውን ትንሽ ሹካ በስርጉዱ ጠርዝ ዙሪያ እየተከሉ ሣሩን ወደ መሐል መግፋት፣ በመጨረሻም ኳሷን ግሪን ላይ በሚያንከባልለው ዱላ (ፓተር) ታች ቀስ አድርጎ መደልደል ነው። ከሥር ወደ ላይ መፈንቀል ግን ሥሩን ስለሚበጥስ ቦታው ይደርቃል።

ደንቡ እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቅዳል። ለዚህ ሜዳ ግን 7 እና 9 ቁጥር አይረን፣ ለአጭርና ከፍ ያለ ምት የሚሆን አንድ ዌጅና ፓተር ለጀማሪ በቂ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን በየጉድጓዱ አምስት ምት ቢፈጅ ድምሩ 45 ይሆናል፤ ለጀማሪ መልካም ውጤት ነው። በሚቀጥለው ዙር ያ ቁጥር ወደ 40 ከወረደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የጉልበት መጨመር ሳይሆን ከመምታት በፊት ቆም ብሎ ከፍታውን፣ ነፋሱንና ውሃውን ማስላት ነው።