ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ መኪና ተጨማሪ መብራት

ለሌሊት መንገደኛ መብራት ዓይኑ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ያ መብራት ከየት ተነሥቶ፥ በምን በኩል አልፎ፥ በምን ትእዛዝ እንደሚበራ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። በተለይም ከትምህርት ቤት ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ የተሠማራን ወጣቶች ለሥራ ወደ ገጠር እንድንወጣ ስንታዘዝ፥ «ነዳጅ ተሞልቷል ወይ?» ብለን ከመጠየቅ አልፈን፥ በላንድክሩዘሩ ክሩስኮት ላይ በኋላ ስለ ተጨመረችው አንዲት ማብሪያ ነገሬ አንልም። በዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ማብሪያ ጥቂት ለማመልከት እወዳለሁ።

ለነገሩ ምሳሌ የሚሆነን የደቡብ ወሎ መንገድ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። መንገዱም ከዚያ ወደ አምባሰል ዘልቆ፥ ውጫሌን አልፎ ወደ ወልዲያ ያመራል። ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኛ ሥራው ሁሉ በዋናው መንገድ ዳር አይደለም፤ ጤና ኬላውም፥ ትምህርት ቤቱም፥ የገበሬው ማሳም በጥርጊያ መንገድ የሚደረስባቸው ናቸው። መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል ወደ አምባሰል የወጣ ሰው፥ ዳገትና ጠመዝማዛ ማለት ምን እንደሆነ ሊነግረን ይችላል። በክረምትም ጉም ሲወርድ ረጅሙ የመኪና መብራት ጉሙን መትቶ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመለሳል እንጂ መንገዱን አያሳይም። ስለዚህ የዚህ አገር ሾፌር በመኪናው ግንባር ላይ ሁለት ተጨማሪ መብራት ቢያስገባ፥ ጌጥ ፈለገ ተብሎ ሊታማ አይገባውም።

ችግሩ ያለው ከአገባቡ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ነው፤ አንድ ሽቦ ከባትሪው ይሳብና ክሩስኮቱ ላይ ወዳለችው ማብሪያ ይገባል፤ ከማብሪያዋም በቀጥታ ወደ መብራቶቹ ይሄዳል። ሥራው በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ መብራቱም ይበራል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከተው። በብዛት የሚገኘው የሃሎጅን አምፑል 55 ዋት ነው፤ ሁለቱ 110 ዋት ይሆናሉ። ይህን ለ12 ቮልት ስናካፍለው ከ9 አምፔር በላይ ይመጣል። ይህ ሁሉ ኃይል በአንዲት ትንሽ ማብሪያ ውስጥ ሲያልፍ፥ ማብሪያዋ ለዚህ ያልተሠራች ከሆነች ትግላለች፤ ውሎ አድሮም ፕላስቲኳ ይቀልጣል። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ሽቦው በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ በመኪናው መንገጫገጭ ልባሱ ይላጣል። የተላጠው ሽቦ ብረቱን ሲነካ፥ በመካከል ፊውዝ ከሌለ፥ የባትሪው ኃይል ያለ ከልካይ ይፈስሳል፤ ሽቦውም ይነድዳል። ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው መኪናው በግቢ ቆሞ ሳለ አይደለም፤ በሚንገጫገጭበት በጥርጊያው መንገድ ላይ ነው። ምጥ የጠናባት እናት በሌሊት ወደ ሆስፒታል በምትወርድበት ሰዓት ክሩስኮቱ ቢጨስና መብራቱ ድርግም ቢል፥ ጥፋቱ የማን ይሆናል?

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ሪሌ የምትባል ከክብሪት ቀፎ ብዙ የማትበልጥ ዕቃ አለች። በቀድሞ ዘመን የትልቅ ቤት ጌታ ደጁን ራሱ ተነሥቶ አይከፍትም ነበር፤ ከእልፍኙ ሆኖ አንድ ቃል ይናገራል፥ ከባዱንም በር በረኛው ይከፍተዋል። የሪሌም ሥራ ይኸው ነው። ከክሩስኮቷ ማብሪያ የሚመጣው ኃይል ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ነው፤ እርሱ በሪሌዋ ውስጥ ያለውን ጥቅል ሽቦ ማግኔት ያደርገዋል፤ ማግኔቱም ለመብራቶቹ የሚሄደውን ትልቁን መስመር ያገናኛል። በብዙዎቹ ሪሌዎች እግር ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ 30 ላይ ከባትሪው የሚመጣው፥ 87 ላይ ወደ መብራቶቹ የሚሄደው፥ 86 ላይ ከማብሪያዋ የሚመጣው ይገባል፤ 85 ደግሞ ሜካኒኮች ማሳ ከሚሉት ከመኪናው አካል ጋር ይታሠራል።

ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ መግባት አለበት፤ የሚጠብቀው ከእርሱ ወዲያ ያለውን ሽቦ ነውና። ከላይ ላሰብነው መብራት 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦና የ15 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ ይህ ግን ሌባ መጣ ብሎ የጮኸውን ዘበኛ አባርሮ በሩን ክፍት መተው ነው። በዛሬው ጊዜ በየሱቁ የሚሸጠው የኤል ኢ ዲ መብራት አነስተኛ ኃይል ይፈጃል፤ ቢሆንም የተላጠ ሽቦ አምፑሉን አይቶ አይምርም፥ ፊውዙ ለእርሱም ያስፈልገዋል። የጭነት መኪና ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ስለሆነም አምፑሉንና ሪሌውን በዚያው ልክ መምረጥ ይገባል።

የማብሪያዋ ትእዛዝ ከየት እንደሚነሣም መታሰብ አለበት። ሩቅ የሚያሳየው መብራት ከረጅሙ መብራት ጋር እንዲያያዝ ይሁን። ያን ጊዜ ሾፌሩ ለሚመጣው መኪና ብሎ ወደ አጭሩ ሲመልስ፥ ተጨማሪውም አብሮ ይጠፋል፤ የሌላው ሾፌር ዓይን አይጭበረበርም፥ ወደ ገደልም አይነዳም። የጉም መብራት ግን ዝቅ ብሎ ይታሠርና ከአጭሩ ጋር ለብቻው ይብራ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በብዙ ላንድክሩዘሮች የፊት መብራቱ የሚታዘዘው በማሳው በኩል ስለሆነ፥ ሳይለካ የተቀጠለ ሪሌ በማይገባው ጊዜ ያበራል። አስቀድሞ በቴስተር ማየት ነው።

እያንዳንዱ ሽቦ ምልክት ይጻፍበት። በዚሁ በአምባሰል፥ በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ፥ በኢጣሊያንኛው ሌላ ተናግሮ ምን እንዳስከተለ እናውቃለን። ክሩስኮቱ አንድ፥ ኮፈኑ ሥር ያለው ሽቦ ሌላ የሚናገር ከሆነ፥ ነገ በጨለማ የሚጠግነው ሰው ይሳሳታል።

«ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጉዳይ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» የሚል ወጣት ሹም ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ለዕቃው መግዣ የሚፈርመው እርሱ ነው፤ ፊውዙና ሪሌው ተትቶ ገንዘብ እንዲተርፍ የሚያዘው፥ ወይም እንዲገባ የሚያደርገው እርሱ ነው። ሾፌሩ በዕድሜ አባቱን የሚያህል ቢሆን እንኳ፥ «ጋሼ፥ የዚህች ማብሪያ ፊውዟ የት ነው? ሪሌስ አላት?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ አያሳፍርም። የቆየ ሾፌር በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ እንዲያውም ስንት ዘመን የጠየቀው ዕቃ ሳይፈቀድለት ስለቀረ፥ የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ ደስ ይለዋል።

ድንገት የሚጠፋ መብራት ጨርሶ ከሌለ መብራት ይከፋል፤ የሌለው ቀስ ብሎ ይነዳል፥ ያለው ግን ተማምኖ ይፈጥናልና። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ሪሌና ፊውዝ ከመታወቃቸው በፊት ነው፤ ሆኖም ቅጠሏ ዛሬ በየመለዋወጫ ሱቁ ትሸጣለች። ግዥውን የሚያጸድቅ ፊርማም በእጃችን ነው።