የጎደለ የእጅ ፍሬንን በነባር ወታደራዊ የጭነት ተሽከርካሪዎች ላይ መልሶ ስለመግጠም

ከወታደራዊ አገልግሎት ወጥተው በጭነት ሥራ ላይ የሚውሉ ነባር ተሽከርካሪዎች የእጅ ፍሬናቸው ተነቅሎ፣ ወይም ማንሻው ብቻ ቀርቶ ሊገኙ ይችላሉ። ተሽከርካሪው በእግር ፍሬን የሚቆም በመሆኑ ጉድለቱ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም የእጅ ፍሬን የሌለው ከባድ ተሽከርካሪ ተዳፋት ላይ በቆመ ቁጥር ጎማ ሥር ድንጋይ የሚያስቀምጠውን ረዳትና በአካባቢው የሚያልፈውን እግረኛ ለአደጋ ያጋልጣል። ይህ ጽሑፍ የፍሬኑን አሠራር፣ የጥገናውን ቅደም ተከተልና ከዓመታዊ ምርመራ በፊት መረጋገጥ ያለባቸውን ጉዳዮች ያብራራል።

የእግር ፍሬንና ማርሽ ለምን አይተኩትም?

የእግር ፍሬን የሚሠራው በአየር ወይም በፈሳሽ ግፊት ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱ ቀስ በቀስ ሊቀንስና ጎማው ሊለቀቅ ይችላል። ስለሆነም ግፊቱን በቧንቧ ውስጥ ቆልፎ የሚያስቀር መሣሪያ መግጠም መፍትሔ አይሆንም። ማርሽ አስገብቶ ማቆምም በቂ አይደለም፤ ኃይል ማከፋፈያው ዜሮ ላይ ከሆነ ሞተሩ ከጎማዎቹ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የፍሬን ደንብ ቁጥር 13 የእጅ ፍሬን ጭነት የያዘን ተሽከርካሪ በ18 በመቶ ተዳፋት ላይ፣ ሽቅብም ሆነ ቁልቁል፣ ይዞ ማቆየት እንዳለበት ይደነግጋል። መያዣው የሚቆለፈውም በሜካኒካል መንገድ ብቻ መሆን ይኖርበታል። በዚህ ተዳፋት ላይ የቆመ 10 ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ ወደ 1.8 ቶን በሚጠጋ ኃይል ወደ ታች ይሳባል። ይህን የሚያህል ኃይል በመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ መጣል አይገባም።

የፍሬኑ አሠራር

በዚል 131፣ በዩራል 375፣ በጋዝ 66 እንዲሁም በአሜሪካው ኤም 35 ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚገኘው ጎማው ላይ ሳይሆን ከኃይል ማከፋፈያው በስተኋላ ነው። ማንሻው ሲሳብ በዘንግ አማካይነት የፍሬን ሸራዎቹን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል፤ ታምቡሩም ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የማስተላለፊያ ዘንግ ይይዛል። በዚል 131 ላይ ይህ ዘንግ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከ7 ጊዜ በላይ ይዞራል። በመሆኑም ትንሹ ታምቡር በዲፈረንሻሉ አማካይነት ኃይሉ ተባዝቶ ከባዱን ተሽከርካሪ ለመያዝ ይችላል።

ይህ አሠራር ሁለት ጥንቃቄዎችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ የማስተላለፊያ ዘንጉ ከተፈታ ፍሬኑ ጎማዎቹን አይዝም፤ አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሳም ይዞታው ሊለቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከአስቸኳይ ሁኔታ በስተቀር ተሽከርካሪው በመንቀሳቀስ ላይ እያለ ማንሻውን መሳብ በማስተላለፊያ ዘንጉና በዲፈረንሻሉ ላይ ጉዳት ያደርሳል።

የጥገናው ቅደም ተከተል

ሥራው ልምድ ባለው መካኒክ፣ በደልዳላ ስፍራ፣ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በታኮ ተደግፈው መከናወን አለበት።

1. የቀሩትንና የጎደሉትን ክፍሎች በተሽከርካሪው ሞዴል የመለዋወጫ መጽሐፍ መሠረት መለየት፤ በተለይም ማንሻውንና ጥርሱን፣ ዘንጎቹን፣ ሸራዎቹን፣ ሞላዎቹንና ታምቡሩን።
2. ፍሬኑ የተነቀለበትን ምክንያት ማጣራት። ከኃይል ማከፋፈያው ዘይት የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ ማገጃ ጎማውን መቀየር ያስፈልጋል፤ ዘይት የነካው ሸራ አይዝም።
3. ታምቡሩን መመርመር። ከጎማው በበለጠ ፍጥነት ስለሚሽከረከር የተሰነጠቀውን በብየዳ መጠገን አደገኛ ነው፤ መቀየር አለበት።
4. አሮጌ ሸራዎችን በጥንቃቄ ማውጣት። አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል ብናኙን በአየር ግፊት መንፋት አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።
5. ማንሻውንና ዘንጎቹን በትክክለኛ ክፍሎች መግጠም። በገመድ ወይም በሽቦ መተካት ተቀባይነት የለውም።
6. ክፍተቱን ማስተካከል። ማንሻው ሲለቀቅ ታምቡሩ በነፃነት መዞር አለበት፤ ከአጭር ጉዞ በኋላ ከመጠን በላይ ከጋለ ሸራው እየነካ ነው ማለት ነው።

ለምርመራ ከመቅረብዎ በፊት

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ከዚያ በፊት ፍሬኑን መጀመሪያ ያለ ጭነት፣ ቀጥሎም ከጭነት ጋር መሞከር ተገቢ ነው። በሙከራው ወቅት አሽከርካሪው መሪው ላይ ይቀመጥ፤ ታኮዎች ከጎማዎቹ ጥቂት ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ከተሽከርካሪው ፊትም ሆነ ኋላ ማንም ሰው አይቁም። ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ማንሻውን ስቦ፣ የእግር ፍሬኑን በዝግታ መልቀቅ፤ ሙከራውንም በሽቅብና በቁልቁል አቅጣጫ መድገም ያስፈልጋል።

ዋናው መለዋወጫ ጠፍቶ የተለየ ዓይነት ፍሬን ለመግጠም የሚያስቡ ባለንብረቶች ወጪ ከማውጣታቸው በፊት ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን ጽሕፈት ቤት እንዲያማክሩ ይመከራል። የመለዋወጫ ግዢና የጋራዥ ደረሰኞችን ከሊብሬው ጋር መያዝም ስለ ጥገናው ለሚነሱ ጥያቄዎች ማስረጃ ይሆናል። ጥገናው እስኪጠናቀቅና ተሽከርካሪው ተመርምሮ እስኪያልፍ ድረስ ጭነት ከመጫን መቆጠብ የባለንብረቱ ኃላፊነት ነው።