ክረምትን በቅኔ ቤት

አሜሪካ የሚኖር አንድ ወዳጄ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስልክ ደውሎ ስለ አንድ የጸሐፊያን ጉባኤ ሲያወራልኝ አመሸ። ቬርሞንት በሚባለው ግዛት፣ ተራራ ሥር፣ ደራስያንና ገጣምያን በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ተሰብስበው አሥር ቀን ያህል አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የጻፉትን ያነባሉ፣ ይተራረማሉ። ጉባኤው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 የተጀመረ ነው። ስሙን የወሰደው ከተራራው ሲሆን "ብሬድ ሎፍ" ይባላል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው ከ"ሙልሙል" ብዙም አይርቅም። ወዳጄ ወሬውን የዘጋው "እኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለንም" በሚል ቁጭት ነበር።

የለንም ማለቱ ከነከነኝ። አባቴ በልጅነቱ እስቴና ስማዳ ውስጥ ቅኔ የተማረ፣ ኋላ ወደ አስኳላ ተሻግሮ አስተማሪ የሆነ ሰው ነበር። ሲሞት ሣጥኑን ብንፈትሽ የደመወዝ ደረሰኝ፣ የድሮ ደብዳቤና የመሬት ግብር ወረቀት አገኘን። ቅኔ ግን አንድም አልነበረም። እናም በ2001 ዓ.ም. ክረምት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ከእስቴ ዋና ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ አንድ ቅኔ ቤት ገብቼ ሦስት ሳምንት ከረምኩ። "ከረምኩ" ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። መክረም ማለት ዋናው ትርጉሙ ክረምትን አንድ ቦታ ማሳለፍ ነው። ዛሬ ቢሮ ውስጥ "እንዴት ከረምክ?" የምንባባለው ሰዎች ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተዘግቶ ከነበረበት ወቅት የተረፈ ቃል ይዘን ነው።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የጉና ተራራን ተገን አድርገው ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የተዘረጉ የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ናቸው። ሰው "የቻይና መንገድ" የሚለው ከወረታ ወልድያ የሚወስደው መንገድ በነፋስ መውጫ በኩል ላይ ጋይንትን ያቋርጣል። ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህ አገር ዳር ሳይሆን መሐል ነው። ድጓ የሚማር ሰው የቤተልሔምን ስም ሳይሰማ አያልፍም፤ ቤተልሔም ያለችው ጋይንት ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚማረውም እዚያው ጋይንት ዙር አምባ ይወርዳል። እነዚህ ግን የዜማ ቤቶች ናቸው፤ ቅኔ ሌላ ነው። በቅኔ ስማቸው የገነነው ከዓባይ ማዶ የጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ዋድላ ናቸው። የእስቴና የስማዳ ተማሪ በእነዚህ መካከል ሲመላለስ ነው የኖረው።

ወዳጄ "ጉባኤ" ሲል እንደ አዲስ ነገር ነበር የነገረኝ። ቅኔ ቤቱም ከጥንት ጀምሮ ስሙ "ጉባኤ" ነው። መምህሩ ጉባኤ ዘረጋ ይባላል፣ ተማሪው ጉባኤ ገባ ይባላል። ጀማሪው መጀመሪያ የሚቆጥረው ባለ ሁለት ቤቱ ቅኔም ጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይመጣል፤ እንዲህ እያለ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ይዘልቃል።

እኔ በከረምኩበት ቤት ውሎው እንዲህ ነበር። ጠዋት ግስና አገባብ ይወርዳል። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ይወጣል፤ አንዱ ጽድ ሥር፣ አንዱ አለት ላይ፣ አንዱ ከብት ከሚጠብቁ ልጆች ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ደበሎውን ተከናንቦ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያጉተመትም ላየው ሰው የታመመ ይመስላል። ቅኔ ቆጠራ ማለት ይኸው ነው። ወረቀትም እስክርቢቶም የለም። ከሰዓት በኋላ የቆጠረውን ይዞ መጀመሪያ አስነጋሪው ዘንድ፣ ቀጥሎ የኔታ ዘንድ ይቀርብና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል። ያማረ እንደሆነ "ይበል!" ይባላል። የተበላሸ እንደሆነ የኔታ ያቋርጡትና የተሰበረበትን ቦታ ያሳዩታል፣ ጓደኞቹም ይስቃሉ። ማታ የኔታ ራሳቸው ይዘርፋሉ፤ ተማሪው ከአፋቸው ተቀብሎ ይይዛል። አሥራ አምስት ዓመት በጋዜጣ ሥራ ላይ ቆይቼ እንደዚያ የሚያርም አርታኢ አላጋጠመኝም።

ትምህርቱ ከቁራሽ ጋር ነው የሚሄደው። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ ውሻ ይነክሰዋል፣ ጎርፍ ይመልሰዋል። ክረምት ደግሞ ገበሬው ራሱ ጎተራው የሚራቆትበት ጊዜ ነው። ይህን ችግር እንደ ጌጥ የሚያሞካሹ ጽሑፎች ያናድዱኛል፤ እኔ ያየኋቸው ልጆች ተርበው ነበር፣ ሁለቱ ያስላቸው ነበር። ደስ የሚላቸው ነሐሴ 13 ቀን፣ በደብረ ታቦር በዓል ነው። ቡሄን ከተማው የሚያውቀው በጅራፍና በችቦ ቢሆንም በዓሉ የተማሪ በዓል ነው፤ ተማሪው ቀድሞ ከሰፈሩ እህል ይለምንና ጠላውንም ዳቦውንም ያሰናዳል። ያን ቀን ሙልሙል በእጄ ይዤ ወዳጄን አስታወስኩት። እዚያ ለ"ሙልሙል" ይከፈላል፣ እዚህ ይለመናል፤ ሁለቱም ነሐሴ ላይ ነው።

በቤቱ ሴት ተማሪ አልነበረችም፤ በየትም አልነበረችም ማለት ግን አይደለም። ጎጃም ውስጥ ወንዶቹን ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል።

በሁለተኛው ሳምንት የኔታ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስም ስጠራ ዝም ብለው ቆዩ። ከአባቴ ጋር አንድ ጎጆ ኖረዋል።

"አንድ ጉባኤ ቃናው ትዝ ይለኛል። ሰሙ በሽሎ ነበር" አሉኝ።

"ቃሉስ የኔታ? ያስታውሱታል?"

"ቃሉ ሄደ ልጄ።"

ቅኔ እንዲህ ነው። ለአንድ ቀን በዓል ተቆጥሮ በማኅሌቱ ላይ ይቀርባል፣ በዚያው ያልቃል። የትናንቱን ደግሞ የሚያቀርብ ሰው ያፍራል። ከዚህ ያመለጠው ጥቂት ነው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቀደምት ሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው ማሳተማቸው፣ ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማም የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን የተማሪነት ትዝታ ከአፋቸው ተቀብለው መጽሐፍ ማድረጋቸው ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው። እኔም አባቴ በሕይወት ሳለ ቴፕ መቅረጫ ነበረኝ፤ በሥራዬ ስንቱን ባለሥልጣን ቀርጬበታለሁ።

የቀረልኝ ሰሙ ብቻ ነው። በሽሎ የስማዳና የታች ጋይንት ደቡባዊ ወሰን ሆኖ በጥልቅ ገደል ውስጥ ወደ ዓባይ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ክረምት ሲሞላ ሰው ይወስዳል። ዋናተኛ ሙላቱን ሰንጥቆ ማዶ ደረሰ እንበል፤ ይህ ሰሙ ነው። ክርስቶስ ሞትን አልፎ ተነሣ፤ ይህ ወርቁ ነው። ቅኔው ሁለቱን ተራ በተራ አይናገርም፤ ያጣምራቸዋል። ሞት በሽሎ ይሆናል፣ ክርስቶስ ዋናተኛ ይሆናል፣ ትንሣኤ የወንዙ ማዶ ይሆናል። ማሰሪያው ግስ ግን አንድ ነው፤ ወንዙንም ሞቱንም እኩል ካላገለገለ ቅኔው ፈረሰ።

አባቴ ያለውን ማግኘት ባልችል ሊል ይችል የነበረውን ልሞክር ብዬ እኔም ጽድ ሥር ተቀመጥኩ። ግእዜ አጭር ናት፤ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀሁ። ግሴ "ተንሥአ" ነበር። አስነጋሪው ዕድሜው ከአሥራ ሰባት የማይበልጥ ልጅ ነው፤ ሰማኝና ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ጋሼ፣ ዋናተኛ ከወንዝ ይወጣል እንጂ ይነሣል እንዴ?" አለኝ። ልክ ነበር። ግሱ ወርቁን ብቻ አገልግሎ ሰሙን ጥሎታል። በሁለተኛው ቀን "ዐደወ" የሚለውን አገኘሁ፤ ተሻገረ ማለት ነው፣ ሁለቱንም ይሸከማል። በሦስተኛው ቀን የኔታ ፊት ቆምኩ። "የመጀመሪያው ቤት ይበል። ሁለተኛው አንድ ቀለም ጎድሎታል፤ ነገ አርመህ ና" አሉኝ።

ከዚያ ክረምት ወዲህ አገሩ ብዙ አይቷል። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ገባ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ወደቀ። ተማሪ የሚኖረው በገበሬው ቁራሽ ነው፣ ከመምህር ወደ መምህር የሚሻገረውም በእግሩ ነው። ጎተራው ሲራቆትና መንገዱ ሲያስፈራ ጉባኤው በአዋጅ አይዘጋም፤ ተማሪው አንድ በአንድ ይቀንሳል።

የኔታ "ነገ" ባሉኝ ቀን የአዲስ አበባ ጉዞዬ ደርሶ ነበር። አውቶቡሱን ለመያዝ በሌሊት ተነሣን፤ ሻንጣዬን ተሸክሞ የሸኘኝ ያው አስነጋሪ ነው። ጭቃውን እየረገጥን ወንዙ ዳር ስንደርስ ሻንጣውን አስቀመጠና ዞር አለ።

"ጋሼ፣ ሁለተኛውን ቤት እስቲ ይበሉት" አለኝ።