«ሠራን» ሲባል «አንቺስ?» የሚል ቃለ መጠይቅ

አራት ኪሎ ለዓመታት የሥራ ፈላጊ ደጅ ሆና ኖራለች። አንዱ ሰሌዳ ፊት ቆሞ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል መስመር ያስስ ነበር፤ ሌላው ጋዜጣ ተከራይቶ የመመዝገቢያውን አድራሻ ይገለብጥ ነበር። ከሰሌዳው ወዲያ ሥራ ፈላጊውን የሚጠብቀው ቃለ መጠይቅ ግን ብዙም አይወራለትም።

የለመድነው ቃለ መጠይቅ «ስለ ራስሽ ንገሪን»፣ «ድክመትሽ ምንድን ነው?» ይላል። መልሱ ከጓደኛ ተጠንቶ ስለሚመጣ አፈ ጮሌው ያልፋል፣ ጭምቱ ይቀራል። ብቃት ተኮር ቃለ መጠይቅ የሚጠይቀው የተሠራን ነገር ነው፦ «የተቆጣ ደንበኛ የገጠመሽን ቀን ንገሪን። ምን አደረግሽ? መጨረሻውስ?» ጠያቂዎቹ ሥራው የሚፈልጋቸውን ጥቂት ብቃቶች አስቀድመው ይለያሉ፤ ምን ዓይነት መልስ ስንት ነጥብ እንደሚያሰጥም ይጽፋሉ። ለሁሉም ተወዳዳሪ ያንኑ ጠይቀው፣ ሳይመካከሩ ለየብቻ ነጥብ ይሰጣሉ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ማክሌላንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከአእምሮ ፈተናና ከትምህርት ቤት ውጤት ይልቅ ብቃት ይፈተሽ ብሎ ተከራክሯል። በእኛ አገር በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 በሥራ ፈላጊዎች መካከል በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግን ከልክሎ ነበር። ክልከላው ሥጋ የሚለብሰው ግን ነጥብ መስጫ ወረቀቱ ላይ ነው። ከነጥቡ ጎን ምክንያቱ ካልተጻፈ፣ የዘመድ ስልክ ውጤቱን ቢለውጠው በምን ይታወቃል?

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እኛ «እኔ» ማለትን እንደ ጉራ ቆጥረን ያደግን ነን። አንዲት ተወዳዳሪ ብቻዋን አምሽታ የጨረሰችውን «ሠራን፣ አስተካከልን» ትላለች፤ ጠያቂውም ድርሻዋን ሳያገኝ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣታል። ይህ የእሷ ጥፋት አይደለም። «ከዚህ ውስጥ አንቺ የሠራሽው የቱን ነው?» ብሎ መጠየቅ የጠያቂው ግዴታ ነው።

አዲስ ምሩቅም «ልምድ የለኝም» ብላ ዝም እንዳትል፣ ከቤትም ከሰፈርም የሆነ ምሳሌ እንደሚቆጠር በመግቢያው ይነገራት። የሒሳብ ሠራተኛነት ፈልጋ የመጣች ልጅ «የእናቴን ሱቅ የዱቤ ደብተር የምይዘው እኔ ነበርኩ» ብትል፣ ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው፦ ዱቤው ሲበዛ ምን አደረግሽ? አልከፍልም ያለውን ጎረቤት እንዴት አናገርሽው? ስንቱስ ከፈለ?